ብርሃን፣ ኪስ እና ዋጋ

ከእናቴ የቀሩኝ ፎቶግራፎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በወጣትነቷ ፒያሳ ከነበረ ፎቶ ቤት የተነሣችው ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ። የነጠላዋ ጥለት ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል። ሁለተኛውን በ2002 ዓ.ም. ቡና ስታፈላ እኔው በርካሽ የእጅ ስልኬ አነሣሁት። ፊቷ ደብዝዟል፤ ጥላው ሁሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። በዚህ በሁለተኛው ለብዙ ዓመታት አፍር ነበር። ምን እንዳበላሸው ለማወቅ ስል የካሜራን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርሁ፤ ያገኘሁትን እነሆ ለአንባቢ አካፍላለሁ።

ካሜራ ሠሪ ሁሉ ሦስት ነገር ይመኛል፤ ምስሉ እንዲጠራ፣ መሣሪያው እንዲያንስ፣ ዋጋው እንዲረክስ። ሦስቱ እኩል የሞሉበትን ዘመን ግን ፈልጌ አጣሁ። እ.ኤ.አ. በ1839 ለዓለም የተገለጠው የፈረንሳዊው ዳጌር ጥበብ በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ እጅግ የጠራ ምስል ያስቀር ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያው ከባድ፣ ሥራው ውድ ነበር። በ1888 አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን የእጅ ካሜራ በ25 ዶላር አወጣ፤ በ1900 ደግሞ ኩባንያው ብራውኒ የተባለውን የካርቶን ሳጥን በ1 ዶላር ሸጠ። ጥራቱ ከዋጋው ጋር አብሮ ወረደ፤ ነገር ግን ተራው ሰው የራሱን ልጆች በራሱ እጅ ማንሣት ቻለ። በጀርመን አገር ኦስካር ባርናክ ትላልቆቹን ካሜራዎች መሸከም ስለ ከበደው 24 በ36 ሚሊሜትር በሆነ ፊልም የሚሠራ ትንሽ ካሜራ ፈለሰፈ፤ ላይካ ተብሎ በ1925 ለገበያ ቀረበ። ባርናክ ትንሽነትን ከጥራት ጋር አስታረቀ፤ የዕርቁን ወጪ ግን ገዢው ከፈለ።

የእጅ ስልክ ይህንኑ የቆየ ክርክር ወደ ኪስ አስገባው። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ሻርፕ በጃፓን ለሽያጭ ያቀረበው ባለካሜራ ስልክ ምስሉን በ110 ሺህ ፒክስል ብቻ ይሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ የፒክስሉ ቁጥር በየዓመቱ ቢያድግም ትልቁ ችግር ቁጥሩ አልነበረም። በዝናብ ጊዜ ጠፈጠፍ ሥር ገበቴና ስኒ ብናስቀምጥ የትኛው ብዙ ውኃ እንደሚይዝ ማንም ያውቃል፤ ሴንሰር የሚባለው የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ገጽም እንዲሁ ነው። ገጹ በሰፋ መጠን ብርሃን ያጠራቅማል። ሰፊ ገጽ ግን ከሌንሱ ራቅ ብሎ መቀመጥ ይሻልና ስልኩን ያወፍረዋል።

ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን ደፍሮ ሞከረው። 808 ፒውርቪው የተባለው ስልኩ 41 ሚሊዮን ፒክስልና ለዘመኑ እጅግ ሰፊ ሴንሰር ነበረው፤ ካሜራው ያለበት ስፍራ ግን ወደ 18 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍር ነበር። በ2013 ኤችቲሲ በተቃራኒው መንገድ ሄደ፤ የፒክስሉን ቁጥር ወደ 4 ሚሊዮን አውርዶ እያንዳንዱን አሰፋው። በድንግዝግዝ ጠቀመ፤ በጠራራ ፀሐይ ግን ዝርዝሩ አነሰ። በ2014 የአፕል አይፎን 6 ውፍረቱ 6.9 ሚሊሜትር ሲሆን ሌንሱ ከጀርባው ጎላ ብሎ ወጣ፤ ስልኩ ቢሳሳም ብርሃን የሚጠይቀውን ቦታ አልተወም። በኋላ እንደ ጉግል ፒክስል ያሉት ስልኮች ባንድ ጊዜ ብዙ ፎቶ አንሥተው በስሌት አንድ ማድረጉን ተካኑበት፤ ሌንሱ የጎደለውን ስሌት ሞላው።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ወደ እናቴ ፎቶግራፍ ተመለስሁ። የዚያ ስልክ ሴንሰር ከምስር ፍሬ የሚበልጥ አይመስለኝም፤ በክፍሉ ውስጥ የነበረው ብርሃን ደግሞ የከሰሉ ፍምና የአንዲት ጠባብ መስኮት ነው። ካሜራው ያቺን ጥቂት ብርሃን እስኪለቅም ጊዜ ወሰደ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እናቴ ዝም ብላ አልጠበቀችውም። የነገርኋትን ቀልድ ሰምታ እየሳቀች ነበርና ራሷን ወደ ኋላ ጣል አደረገች። ፊቷ ላይ ያለው ብዥታ የሳቋ እንቅስቃሴ ነው።

የፎቶ ቤቱ ምስል ጥርት ያለው እናቴ ትንፋሿን ውጣ ስለ ቆመች ነው። አንሺው «አትነቃነቂ» እንዳላት እሷው ነግራኛለች።

የስልኩ መያዣ በሞላ ጊዜ ያን ፎቶ ላጠፋው ጣቴን አስቀምጬ ነበር። ለምን እንደ ተውሁት አላስታውስም። ስልኩ ውድ ቢሆን ኖሮ ግን በዚያን ቀን በኪሴ ባልተገኘም ነበር።

አሁን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የፎቶ ቤቱ ነው፤ ለእንግዳ የሚታየው እርሱ ነውና። እናቴን ያላወቋት ልጆቼ «አያታችን እንዴት ነበረች?» ሲሉኝ ግን የማሳያቸው ብዥታውን ነው።