የሉሲ ኪኒንና የእኛ እንጀራ

ባለፈው ሰሞን እህቴ ከአሜሪካ ደወለች። እርጉዝ ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። ሦስተኛ ወሯን ይዛ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘላት። ኪኒኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ነው የደወለችው። «እስቲ እማዬን ጠይቂልኝ፤ ልዋጠው?»

እማዬ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልፈጀባትም። «እርጉዝ ሴት መድኃኒት አትነካም በያት። እናንተን ስወልድ ምን ኪኒን ዋጥኩ?»

እኔ መሐል ቤት ቀረሁ። የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው እንጂ ሕክምና አይደለም። ያስተማሩኝ ነገር ቢኖር «ይሄ ነገር ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ስለዚህ የኪኒኑን ታሪክ ፍለጋ ገባሁ። ስሙ ፎሊክ አሲድ ይባላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእማዬ ፍርሃት

አስቀድሜ ለእማዬ ልፍረድላት። አገሩ ሁሉ ኮሶ በሚጠጣበት ዘመን እንኳ እርጉዝ ሴት ኮሶ እንዳትጠጣ ትከለከል ነበር፤ ጽንስ ያስወርዳል ተብሎ ይፈራላ! ይህ ከልምድ የመጣ ጥንቃቄ ነው።

ፈረንጆቹ ግን ይህን ጥንቃቄ የተማሩት ብዙ ሕፃናት ከተጎዱ በኋላ ነው። በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ታሊዶማይድ የሚባል የእንቅልፍ መድኃኒት ለገበያ ቀረበ። እርጉዞችም ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ጀመር። በ1961 መጨረሻ ከገበያ እስኪወጣ ድረስ በዓለም ላይ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ወይም ሌላ ጉዳት ይዘው ተወልደዋል። አሜሪካ ውስጥ መድኃኒቱ እንዳይሸጥ ፈቃዱን አልሰጥም ብላ የተሟገተችው የመንግሥት መርማሪ ፍራንሲስ ኬልሲ ናት። እሷ ራሷ ከካናዳ የመጣች ሴት ነበረች። እንግዲህ የአሜሪካን እናቶች ከዚህ መከራ ያዳነችው ከውጭ የመጣች ሴት መሆኗን ልብ በሉልኝ።

ሌላዋ ሉሲ

እኛ ሉሲ ሲባል የምናውቀው ድንቅነሽን ነው። የኪኒኑ ሉሲ ግን እንግሊዛዊት ናት፤ ሉሲ ዊልስ። በ1888 ተወልዳ ለንደን ውስጥ ሕክምና ከተማረች በኋላ በ1928 ወደ ሕንድ፣ ቦምቤይ አቀናች። የሄደችበት ምክንያት አንድ ግራ የሚያጋባ በሽታ ነበር። በከተማዋ እርጉዝ ሴቶች፣ በተለይም በድሆቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ከባድ የደም ማነስ ይታይ ነበር። ብዙዎቹም ይሞቱ ነበር።

ሉሲ የሴቶቹን ጓዳ መረመረች፤ ምን ይበላሉ? ምን ይጎድላቸዋል? በአይጦችና በጦጣዎች ላይ ሙከራ አደረገች። በመጨረሻም መድኃኒቱ ማርማይት ከሚባል ርካሽ ነገር ውስጥ ተገኘ። ማርማይት እንግሊዞች ዳቦ ላይ የሚቀቡት ጥቁር ነገር ሲሆን የሚሠራውም ከቢራ ጠመቃ ከሚተርፍ እርሾ ነው። በእኛ ቋንቋ ከአተላ ማለት ነው! ሴቶቹ እሱን ሲበሉ ደማቸው ተመለሰ። ይህን ግኝቷን በ1931 አሳተመች። ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም ነበር፤ ለጊዜው በእሷ ስም «የዊልስ ንጥረ ነገር» ተባለ። በ1941 ቴክሳስ ውስጥ ተመራማሪዎች አራት ቶን ስፒናች ጨምቀው አወጡት። ፎሊክ አሲድ ያሉትም በላቲን «ቅጠል» ከሚለው ቃል ወስደው ነው።

ይኸው ቅጠል ሌላም ሥራ እንዳለው ለማረጋገጥ ሃምሳ ዓመት ፈጀ። በሰባት አገሮች የተካሄደ ጥናት በ1991 ውጤቱን አወጣ። ጥናቱ ቀደም ሲል አንጎሉ ወይም ሕብለ ሰረሰሩ በትክክል ያልተዘጋ ልጅ ባረገዙ ሴቶች ላይ የተደረገ ነው። ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ጀምረው የወሰዱት ሴቶች ያው ችግር እንደገና የሚደርስባቸው በ72 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1992፣ አሜሪካ ማርገዝ የምትችል ሴት ሁሉ በቀን 400 ማይክሮግራም እንድትወስድ መከረች።

አራት ሳምንት

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የጽንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ የሚዘጋው ጽንሱ በተፈጠረ በአራት ሳምንት ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ሐኪም ዘንድ እስክትቀርብ ድረስ ቱቦው ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ሳይዘጋ ቀርቷል። ስለዚህ ኪኒኑን ቀድማ የምትወስደው እርግዝናዋን ያቀደችው፣ ምክሩም በምትሰማው ቋንቋ የደረሳት ሴት ናት። ለስደተኛዋ ይህ ሁሉ እንዴት ይሟላላት? ኔዘርላንድስ በ1995 ትልቅ የፎሊክ አሲድ ቅስቀሳ አካሂዳ ነበር። ከቱርክና ከሞሮኮ የመጡት እናቶች ግን ከአገሬው ሴቶች ኋላ እንደቀሩ ጥናቶች አሳይተዋል።

እንግሊዝ ውስጥ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ እርጉዞች የተጠየቁበት ጥናት በ2014 ታትሟል። ከማርገዛቸው በፊት ኪኒኑን የወሰዱት ከነጮቹ 35 በመቶ፣ ከደቡብ እስያ ዘር ካላቸው 20 በመቶ፣ ከአፍሮ ካሪቢያን ዘር ካላቸው ደግሞ 17 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ ሴቶቹ የት እንደተወለዱ አይነግረንም፤ የሚነግረን ዘራቸውን ነው። እኔን ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። የኪኒኑ ነገር የተጀመረው በቦምቤይ ሴቶች ደም ነበር። የእነሱው ወገኖች እዚያው ሉሲ በተማረችበት አገር ወደ ኋላ ቀሩ።

የማን ዳቦ?

አሜሪካኖቹ «ሴቲቱ ወደ ኪኒኑ ካልመጣች ኪኒኑ ወደ ማዕዷ ይሂድ» ብለው ከ1998 ጀምሮ ቫይታሚን በሚጨመርበት የእህል ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ አብሮ እንዲጨመር አስገደዱ፤ በ100 ግራም 140 ማይክሮግራም። ከ10,000 ሕፃናት ወደ 11 ይጠጋ የነበረው ይህ የአፈጣጠር ችግር ወደ 7 ወረደ።

ግን ዳቦው የማን ነው? ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ሴቶች የዕለት ምግባቸው ቶርቲያ ነው፤ የሚጋገረው ደግሞ ማሳ ከሚባል የበቆሎ ዱቄት ነው። ግዴታው ማሳን አልነካም። ችግሩ የሚበዛው በሂስፓኒክ እናቶች ልጆች ላይ ሆኖ ሳለ፣ በማሳ ላይ መጨመር የተፈቀደው በ2016 ነው። እሱም በአምራቹ ፈቃድ። ካሊፎርኒያ በ2024 ሕግ አውጥታ ከ2026 መግቢያ ጀምሮ ግዴታ አድርጋዋለች። ከ1998 ሲቆጠር ሃያ ስምንት ዓመት መሆኑ ነው።

እዚህ ስደርስ እህቴ ትዝ አለችኝ። «እኔ እንደ ሌሎቹ ስንዴ አልቀላቅልም፤ ንጹሕ ጤፍ ነው የምጋግረው» እያለች ትኮራለች። የጤፍ ዱቄትም ግዴታው ውስጥ የለም! ከሱፐርማርኬት የስንዴ ዱቄት እየቀላቀለች የምትጋግረው ጎረቤቷ ሳታውቀው ፎሊክ አሲድ ስትበላ፣ ንጹሕ ጤፍ በውድ የገዛችው እህቴ ቀረባት። ጤፍ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ የሕጉ ጸሐፊዎች ግን የእሷን ምጣድ አላሰቡትም።

አገር ቤትስ? በ2018 የታተመ የትግራይ ሆስፒታሎች ጥናት ከ10,000 ወሊድ ውስጥ 131 እንዲህ ያለ ጉዳት መዝግቧል። በሆስፒታል የተቆጠረ ቢሆንም ቁጥሩ ያስደነግጣል። ኢትዮጵያ በ2022 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት እንዲበለጽግ ግዴታ አድርጋለች፤ ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን አብዛኛው እህላችን የሚፈጨው ሰፈር ወፍጮ ቤት ነው። እዚያ ማን ይጨምርበታል?

ለእህቴ መልሼ ደወልኩ። እውነቱን ነገርኳት፤ የአራቱ ሳምንት ጉዳይ አልፏል። አብዛኞቹ ልጆች ያለ ኪኒኑም ደኅና እንደሚወለዱም ጨመርኩላት። ኪኒኑ ግን አሁንም ሉሲ ቦምቤይ ላይ ያየችውን ሥራ ይሠራል፤ ደም ይጠብቃል። «ሐኪምሽ ያዘዘልሽን ዋጪ፤ ያላዘዘልሽን አትንኪ» አልኳት። በዚህኛው እማዬም ተስማማች። ከአተላ ነው የተገኘው ስላት እየሳቀች፣ «ታዲያ መጀመሪያ እንዲህ አትይም?» አለችኝ።

ይህን የጻፍኩት ግን ለእህቴ ብቻ አይደለም። ዘንድሮ ለምትሞሸሩ ጓደኞቼም ጭምር ነው። ሐኪም ማማከሩን ከሠርጉ ዝግጅት ጋር አብራችሁ ያዙት፤ አራት ሳምንት ከጫጉላ ሽርሽር ብዙም አይረዝምም።