ከሸክላ እስከ ትንሿ ኮምፒዩተር
አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በአዲስ አበባ የዘፈን ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ሸክላውን ካሴት ተካው። ካሴት በየቤቱ ስለሚቀዳ የዘፋኙን ገቢ ቢጎዳም፣ ማንበብ ለማይችል ዘመድ የድምፅ ደብዳቤ ሆነ። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ወገን ሲገባ ብዙው ባዶ እጁን ነበር፤ የእናቱን ድምፅ በካሴት የያዘ ሀብታም ነው እላለሁ።

ይሁንና ክሩ ያረጃል፣ ይበጠሳል። በ2012 እንግሊዝ አገር ራስበሪ ፓይ የተባለች፣ መዳፍ የምታህል ኮምፒዩተር በ35 ዶላር ወጣች። ካሴቱን በሃርድ ዲስክ አስቀድታችሁ ከእሷ ጋር ብታያይዙት፣ በቤቱ ዋይፋይ ቴሌቪዥኑም የልጆቹ ስልክም ድምፁን ከዚያው ያገኛሉ። ያገለገለች የቢሮ ኮምፒዩተርም ትበቃለች። ዲስክም ይበላሻልና ሌላ ቅጂ በእኅታችሁ ቤት ይኑር፤ ካሴቱንም አትጣሉት።