የበላዔ ሰብእ ሚዛን፤ ስለ ገዳይና ስለ ሟች አጻጻፍ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ያልፋል፤ የቦርከናም ወንዝ ከላይኛው ከተማ ወደ ታችኛው ይፈስሳል። በእነዚህ በሁለቱ ከተሞች የሚያድግ ወጣት ዛሬ ታሪክ የሚሰማው እንደ አያቶቹ በእሳት ዳር ተቀምጦ ብቻ አይደለም። ቀድሞ በቪዲዮ ቤት፣ ኋላም በእጁ በያዘው ስልክ ከባሕር ማዶ የመጣውን ታሪክ ያያል። ከሚያየውም አንዱ፣ ፊቱን በጭንብል የሸፈነ ሰው ጎረምሶችንና ልጃገረዶችን አንድ በአንድ እያሳደደ በስለት የሚገድልበት፣ ፈረንጆች «ስላሸር» የሚሉት ፊልም ነው። አባቶች ይህን አይተው «ይከልከል» ይላሉ፤ ወጣቶቹም «ጨዋታ ነው፤ ምን አለበት?» ብለው ይመልሳሉ።

ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ደም በመታየቱ ላይ ነው። ነገር ግን ከአቤል ጀምሮ ደም ያልፈሰሰበት የታሪክ መጽሐፍ ጥቂት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ደሙ እንደ ምን ተጻፈ የሚለው ነው። ገዳዩ ማን ነው? የሞተውስ ማን ነው? ማንስ አለቀሰለት? ይህን ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከቅርብ አገር መጻሕፍት መነሣት ይቻላል።

ከደሴ በስተ ሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ጊዜ የመጻሕፍትና የትምህርት ምንጭ ሆኖ ነበር። በአምባሰል ያለችው ግሸንም ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ስም ጋራ የተያያዘች ናት። ይህ ንጉሥ የእመቤታችን ተአምር በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፣ በዓሎቿም 33 ሆነው እንዲከበሩ ሥርዐት ሠራ። ስለዚህም የዚህ አገር ምእመን ብዙ መቶ ዓመት በጆሮው ከሰማቸው ታሪኮች እጅግ የሚያስፈራው በተአምረ ማርያም የሚገኘው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው።

በላዔ ሰብእ የቅምር ሰው ነበር። መምህራን ሲተርኩት፣ አስቀድሞ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበር ይላሉ። ሰይጣን በሥላሴ አምሳል መጥቶ ልጁን እንዲሠዋለት ጠየቀው፤ እርሱም እውነት መስሎት ሠዋ፤ ከሥጋውም ቀመሰ። ከዚያች ቀን ወዲህ ከሰው ሥጋ በቀር የሚያሰኘው ምግብ ጠፋ። ሚስቱንና ቤተ ሰቡን ሳያስቀር 78 ነፍስ በላ። ከዕለታት አንድ ቀን በመንገድ ሲሄድ በደዌ የቈሰለ፣ በውሃ ጥም የተጨነቀ ድኻ አገኘ። ድኻውም ቢለምነው ልቡ አልራራም፤ በእመቤታችን ስም በለመነው ጊዜ ግን ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በሞተም ጊዜ የበላቸው ነፍሳት በአንዱ ወገን፣ ጥርኙ ውሃ በሌላው ወገን በሚዛን ተቀመጡ። እመቤታችንም ጥላዋን ብታሳርፍበት ውሃው መዘነ።

ይህ ታሪክ በየካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል ይታሰባል፤ ሠዓልያንም በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥለውታል። ሕፃናት ሳይቀሩ ያዩታል፤ በፍርሀት ብዛትም ማንም ከቤተ ክርስቲያን አላስወጣውም። ምክንያቱ አጻጻፉ ነው። ገዳዩ «አስቀድሞ» የሚባል ዘመን አለው፤ ደግ ሰው እንደ ነበረ፣ በምን እንደ ወደቀ ይታወቃል። ሁለተኛም የሚለመን ሰው ነው፤ በፊቱ ቆሞ ውሃ የጠየቀው አለ፤ እርሱም መከልከልም መስጠትም ይችል ነበር። ሦስተኛም የሞቱት ተቈጥረዋል። ሰባ ስምንት የሚለው ቍጥር ለማስደንገጥ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ በሚዛኑ ቀን አንድ ሳይጎድል የሚቀርብ ዕዳ ነው። በዋድላም በዋሸራም የቅኔ ቤት ደጅ የጠና ሁሉ እንደሚያውቀው ሰም ያለ ወርቅ ቅኔ አይባልም። በዚህ ታሪክ ሰሙ ደም ነው፤ ወርቁም ምሕረት ነው።

የወሎ ባላገር ልማድም ከዚህ መጽሐፍ ጋራ ይስማማል። ሰው ሲገደል ሁለት ነገር ይደረጋል። አንደኛው ልቅሶ ነው፤ ሟቹ በስሙ እየተጠራ፣ በአባቱና በሥራው እየተወሳ ይለቀስለታል፤ ክርስቲያኑ ፍትሐትና ተዝካር፣ እስላሙም ዱዓና ሰደቃ ያደርግለታል። ሁለተኛው ደም ማድረቅ ነው፤ አበጋሮችና የአገር ሽማግሎች በመካከል ገብተው፣ ገዳዩ ጥፋቱን እንዲያምን፣ ካሳም እንዲከፍል አድርገው፣ ደሙ በደም እንዳይመለስ ያስታርቃሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ገዳዩ ፊትና ስም ሲኖረው ነው። ፊቱን የሸፈነ ሰው አይታረቅም።

የአማርኛ ልብ ወለድም በተጀመረ ጊዜ ይህን መንገድ አልለቀቀም። ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ስለ ሁለት መንታ ወጣቶች፣ ስለ ዋሕድና ስለ ጦቢያ የተጻፈ ነው። ጦርነት አለበት፤ ምርኮ አለበት፤ ዋሕድ ለባርነት እስከ መሸጥ ይደርሳል። ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ በባዕድ አገር ትንከራተታለች። በመጨረሻ ግን አረመኔው ንጉሥ ስለ እርሷ ብሎ ወደ ክርስትና ይመለሳል። ከጦርነቱ የተረፈችው ልጅ ጠላቷን ሳትገድለው ለወጠችው። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» የቅኔው ተማሪ በዛብህ ሲሞት ሞቱ በአንድ ገጽ አያልቅም፤ ሰብለ ወንጌል መነኵሴ ሆና የቀረ ዕድሜዋን በሐዘኑ ትፈጽማለች። ልጆቹ ወጣቶች ናቸው፤ አሟሟታቸው ግን እንደ ሽማግሌ ሞት በክብር ተጽፏል።

ፊልም ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ የአዲስ አበባ ሕዝብ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። ስሙ የፍርሀት ነበር። የጭንብለኛው ገዳይ ፊልም በባሕር ማዶ ሲሠራም ከመጀመሪያው ባዶ አልነበረም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1960 ሂችኮክ ያወጣው «ሳይኮ» የተባለው ፊልም የዚህ ዓይነት አባት ይባላል። በእርሱ የምትገደለው ሴት 40,000 ዶላር ሰርቃ የሸሸች ናት፤ ነገር ግን ከመሞቷ በፊት ተጸጽታ ገንዘቡን ልትመልስ ቈርጣ ነበር። ተመልካቹ ኀጢአቷንም ንስሓዋንም አውቆ ስለ ነበር ሞቷ እንደ ዘመድ ሞት ያስደነግጠዋል። ገዳዩም አእምሮው እንደ ምን እንደ ተናጋ በመጨረሻ ይነገራል።

በ1978 የወጣው የጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን» ግን ሌላ መንገድ ጀመረ። ገዳዩ በስድስት ዓመቱ እኅቱን የገደለ ልጅ ነው፤ ከ15 ዓመት በኋላ ከታሰረበት አምልጦ ወደ ትውልድ ከተማው ይመለሳል። ለምን እንደ ገደለ አይታወቅም፤ ጭንብሉ ፊቱ ነው። ወደ 325,000 ዶላር ብቻ ወጥቶበት ብዙ እጥፍ አስገባ። ሥራው በብልሃት የተሠራ መሆኑን መካድ አይገባም፤ ደሙ ጥቂት ነው፤ የሚያስፈራው ጨለማውና ዝምታው ነው፤ ሎሪ የምትባለው ልጅም ሁለት ሕፃናትን ለመጠበቅ ነፍሷን የምትሰጥ ጠንቃቃ ልጅ ናት። ዳሩ ግን የኋለኞቹ ይህን አልወረሱም፤ የወረሱት ቢላዋውንና ጭንብሉን ነው።

ለዚህም በ1980 የወጣው «ፍራይዴይ ዘ ሰርቲንዝ» ምስክር ነው። በመጀመሪያው ፊልም የምትገድለው ልጇ በጠባቂዎች ቸልታ ውሃ የበላባት እናት ናት። ጥፋቷ ጥፋት ነው፤ ሐዘኗ ግን የሰው ሐዘን ነው። በተከታዮቹ ፊልሞች እናቲቱ ተረሳች፤ ልጇ ራሱ ጭንብል አጥልቆ የሚገድል ሆነ። ምክንያቱ ወደቀ፤ ጭንብሉ ቀረ። የሚሞቱትም ወጣቶች እየበዙ ሲሄዱ ስማቸው እያነሰ ሄደ። አንዱ ሲሞት ሌላው አያለቅስለትም፤ ተመልካቹም «ቀጥሎ ማን ነው? በምንስ ይሞታል?» ብሎ ይጠብቃል። የእነዚህ ፊልሞች ነውር እዚህ ላይ ነው። ወጣቱን ገዳይ ያደርጉታል ማለት ያስቸግራል፤ ልቅሶ የማያውቅ ተመልካች እንዲሆን ግን ያለማምዱታል።

ለወጣቶች በሚጻፉ መጻሕፍትም ይኸው ልዩነት ይታያል። በ2008 በፈረንጆች አቈጣጠር ሱዛን ኮሊንስ የምትባል አሜሪካዊት «ዘ ሀንገር ጌምስ» የሚባል መጽሐፍ አወጣች። በእርሱም 24 ልጆች በአንድ ሜዳ ገብተው አንድ እስኪቀር እንዲጋደሉ በመንግሥት ይፈረድባቸዋል። ነገሩን በሩቅ የሰማ ሰው ከጭንብለኛው ፊልም የከፋ ይመስለዋል። ነገር ግን ሩ የምትባለው የ12 ዓመት ልጅ በሞተች ጊዜ ካትኒስ የተባለችው ወጣት ሬሳዋን በአበባ ትሸፍነዋለች፤ እንዲህ ያለ ልቅሶ በዚያ ሜዳ አልተለመደም ነበር። አንባቢውም ከዚያ ወዲያ የሞቱትን እንደ ቍጥር ሊያያቸው አይችልም። በሌሎች ብዙ የወጣት መጻሕፍት ደግሞ ደም ሳይፈስስ ነውሩ ይገኛል፤ ደጉ ልጅ ሁልጊዜ ደግ፣ ክፉው ሁልጊዜ ክፉ ሆኖ ይጻፋል፤ ክፉው «አስቀድሞ» የለውም፤ ውሃ የሚለምነውም የለም። እንዲህ ያለ ሰው ጭንብል ባያጠልቅም ጭንብለኛ ነው።

ስለ በላዔ ሰብእ ግን የተማረ የከተማ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው፦ «ሰባ ስምንት ሰው ተበልቶ በጥርኝ ውሃ ከተማረ፣ የሞቱት የት ቀሩ? ልቅሷቸውስ በየትኛው ገጽ ተጻፈ?» ይህን ጥያቄ በቍጣ መመለስ አይገባም። መጀመሪያ፣ ውሃው የመዘነው ነፍሳቱ ቀለው አይደለም፤ ቀላል ቢሆኑ ሚዛንም አማላጅም ባላስፈለገ ነበር። ገዳዩ በራሱ ጽድቅ ሚዛኑን አላነሣም፤ የሌላ ጥላ አርፎበት ነው። ሁለተኛ ግን እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ የሰባ ስምንቱ ስም አልተጻፈም። ተአምሩ የተጻፈው ኀጢአተኛ ተስፋ እንዳይቈርጥ ነውና የራሱን ሥራ ፈጽሟል። የሟቾቹን ስም መጻፍ ለኋላ ጸሐፊ የተተወ ሥራ ነው።

ይህም ሥራ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰዎች የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በደሴ ሳሉ የኢጣልያ አይሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ደበደቡ፤ ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ያ አደጋ በዓለም ጋዜጣ ሁሉ ሲጻፍ ንጉሠ ነገሥቱ መትረየስ ይዘው እንደ ተከላከሉ ተወራ፤ በየጎጇቸው የሞቱት ግን በቍጥር ቀሩ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ ጦርነት ወደ ሁለቱ ከተሞች ገብቶ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቈየ። በዚያ ጊዜ ሕፃን የነበረው ዛሬ ወጣት ሆኖ ፊልም ያያል፤ መጽሐፍም ያነባል። ጭንብለኛው ገዳይ ለእርሱ ሩቅ ተረት ነው፤ ያየው ሞት ግን ፊት ነበረው፤ የጎረቤት ስምም ነበረው።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ወጣት መከልከል ብቻውን መድኀኒት አይሆነውም፤ በስልኩ የሚመጣውን ማንም በር ዘግቶ አያስቀረውም። የሚጠቅመው መለያ ሚዛን ማግኘቱ ነው። ካህኑ የየካቲት 16ን ተአምር ሲተረጕም ገዳዩ አስቀድሞ ማን እንደ ነበረ ሳይዘልል ይንገረው። መምህሩም ወጣቱ ባየው ፊልም ላይ ሦስቱን ጥያቄ እንዲጠይቅ ያስተምረው፤ ገዳዩ ማን ነው? የሞተው ማን ነው? ማን አለቀሰለት? በከተማይቱ ካሉት ወጣቶች አንዱ ብዕር ቢያነሣ ደግሞ ከጭንብሉ አይጀምር፤ በሰፈሩ ካለፉት ከአንዱ ስም ይጀምር፤ አባቱ ማን እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ሠራ፣ ማን እንዳለቀሰለት ይጻፍ። በዚያ ታላቅ ሚዛን ፊት የአንድ ሟች ስም በትክክል መጻፉ እንደ ጥርኝ ውሃ ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ጥርኝ ውሃ ግን እንደ መዘነ ተጽፏል።