‹‹ወይም ሙት››፦ ፒኤችፒ ውድቀቱን መናገር የተማረበት ታሪክ

ሰውዬው የፈለገው ቀላል ነገር ነበር። ራስመስ ሌርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1994 ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠውን ሲቪ ማን እንደጎበኘው ለማወቅ በሲ ቋንቋ ትንንሽ ፕሮግራሞችን ጻፈ። በ1995 ለሕዝብ ለቀቃቸው፤ ፒኤችፒ የምንለው ቋንቋ ከዚያ ነው ያደገው። ለአንድ ሰው ሲቪ የተሠራ ዕቃ ‹‹ሥራው ቢከሽፍስ?›› ብሎ ብዙ አይጨነቅም፤ አይፈረድበትም።

የሲ ልማድ አብሮ መጣ። አንድ ፈንክሽን ሲያቅተው አይጮህም፤ ‹‹ፎልስ›› የሚል መልስ አቀብሎ ይቀመጣል። ጠሪው መልሱን ካላየ ፕሮግራሙ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፦ ምዝገባው ዳታቤዝ ውስጥ ሳይገባ፣ ገጹ ግን ‹‹ምዝገባዎ ተሳክቷል፣ እናመሰግናለን›› ይላል። ተመዝጋቢው ደስ ብሎት ኮምፒውተሩን ይዘጋል።

መልሱን ማየትም ብቻውን አይበቃም። ‹‹ስትርፖስ›› የተባለውን ፈንክሽን ‹‹ሰላም ለሁላችሁ›› ውስጥ ‹‹ሰላም››ን ፈልግ በሉት። መጀመሪያው ላይ ያገኘውና 0 ይመልሳል፤ ፒኤችፒ ቆጠራ የሚጀምረው ከ0 ነውና። በሁለት የእኩል ምልክት ሲመዘን ደግሞ 0 እና ፎልስ አንድ ናቸው። አግኝቶ ሳለ ‹‹የለም›› ተባለ ማለት ነው! በፒኤችፒ 4 (2000) ዓይነትንም ጭምር የሚያመሳክር ባለ ሦስት የእኩል ምልክት መጣ፤ ይኸው እስከዛሬ ጀማሪ ሁሉ ይረሳዋል።

ፕሮግራመሮቹ ሁለት መላ ነበራቸው። አንዱ ከፐርል የተወረሰው ‹‹ኦር ዳይ›› ነው፤ ‹‹ወይ ሥራ፣ ወይም ሙት›› እንደማለት። ገጹ መሀል ላይ ይቆረጥና የዳታቤዙ የስህተት መልእክት፣ አንዳንዴም የሠንጠረዡ ስም ሳይቀር፣ ለጎብኚው ይነበብለታል። ለሌባ በር ማሳየት አይደል? ሁለተኛው፣ በኢሜይል አድራሻ መሀል የምናውቃትን ምልክት ከፈንክሽኑ ፊት አስቀምጦ አፉን ማስያዝ ነው። ለእኔ ይሄኛው ይብሳል። (ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ስልኩን ከማያነሳ ባለሥልጣን ‹‹አስተያየት የለኝም›› የሚለው ይሻለናል።)

ነገሩ መልክ መያዝ የጀመረው በሐምሌ 2004 ነው። ፒኤችፒ 5 ‹‹ኤክሴፕሽን››ን ይዞ መጣ። አሁን ያቃተው ፈንክሽን ችግሩን ይወረውራል፣ ‹‹ካች›› የተባለው ክፍል ይቀልበዋል፤ ዝርዝሩ ለባለሙያው መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ለጎብኚው ደግሞ ‹‹ይቅርታ፣ አልተመዘገቡም፤ ጥቂት ቆይተው ይሞክሩ›› ይባላል። ቀላቢ ካልተገኘ ግን ፕሮግራሙ ይቆማል እንጂ እንደ ፎልስ በዝምታ አይታለፍም። ሆኖም የቋንቋው የራሱ ነባር ፈንክሽኖች አብዛኞቹ በድሮ ልማዳቸው ቀጠሉ፤ አዲስ ሕግ፣ አሮጌ ቢሮ።

በታኅሣሥ 2015 የወጣው ፒኤችፒ 7 ቀድሞ ፕሮግራሙን ይገድሉ የነበሩ ብዙ ስህተቶችን የሚቀለቡ አደረጋቸው። ፒኤችፒ 8 (ኅዳር 2020) ያቺ አፍ አስያዥ ምልክት ገዳይ ስህተቶችን እንዳትደብቅ ከለከላት፤ ፒዲኦ በተባለው መንገድ ዳታቤዝ ሲጠየቅም ውድቀት እንዲወረወር የተለመደው አሠራር ሆነ። ማይኤስኪውኤልአይ በቀጣዩ ዓመት በ8.1 ተከተለ። የቋንቋው ዕድሜ በዚያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመት ነው።

‹‹ስትርፖስ››ም ስትር ኮንቴንስ የተባለ ታናሽ እህት በ2020 አገኘ፤ ‹‹አለ›› ወይም ‹‹የለም›› ብቻ የምትል። ፋይል ከፋቹ ‹‹ኤፍ ኦፕን›› ግን ዛሬም ፋይሉን ሲያጣ ማስጠንቀቂያ ብልጭ አድርጎ ፎልሱን ያቀብላል።