ከድንጋይ ክምሩ ሥር ማን አለ?

ገበሬ ማሳውን ሲያጸዳ የለቀመውን ድንጋይ ዳር ላይ ይከምራል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እንዲህ ያለ ክምር ብርቅ አይደለም። ችግሩ የጥንት መቃብርም ከላይ ሲያዩት ያው የድንጋይ ክምር መምሰሉ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሰሜን ሸዋው መንዝ ነው። የፈረንሳይ ተመራማሪዎቹ ፎቬልና ፖይሶኒዬ በአካባቢው ጉብታዎችን ቆፍረው ከሥራቸው በድንጋይ የተሠሩ የመቃብር ክፍሎች፣ የሸክላ ዕቃዎችና ከባሕር ማዶ የመጣ የመስታወት ዶቃ አገኙ። ሥራቸውን በ2012 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲያሳትሙ ባህሉን በሻይ ወንዝ ስም ጠሩት። ዘመኑ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በላስታ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሲፈለፈሉ፣ በመንዝ ክርስቲያንም ሙስሊምም ያልሆኑ ባለጸጎች ሙታናቸውን ከነጌጣቸው በጉብታ ሥር ይቀብሩ ነበር ማለት ነው። ይህን የነገረን የነገሥታት ዜና መዋዕል ሳይሆን መቃብሩ ነው።

የደቡብ ጎንደር አካባቢም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ጆአን ዶምብሮውስኪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጣና በስተምሥራቅ ባሉ ዋሻዎች ባደረገችው ቁፋሮ 2,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የገብስና የሽምብራ ቅሪት ተገኝቷል። የዛሬው ገበሬ የሚዘራው እህል የኋላ ታሪክ እዚያው አፈር ውስጥ ነው።

ታዲያ የሚያጠፋው ማነው? አንዱ ወርቅ ፈላጊ ነው። ሌሊት ቆፍሮ ዶቃና አጥንት በትኖ ይሄዳል። ዶቃው ቢመለስ እንኳ ከማን አጠገብ፣ በየትኛው ንብርብር እንደነበረ አይታወቅም፤ ታሪኩ ደግሞ ያ ነበር። ሌላው ክፉ ሐሳብ የለውም፤ ለእርከን፣ ለአጥርና ለመንገድ ድንጋይ የሚፈልግ ሰው ነው።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘም እንዲያሳውቅ ያዛል። ነገር ግን ክምሩ መቃብር መሆኑን ያላወቀ ሰው ምን ብሎ ያሳውቃል? ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለው ጢያ እንኳ በሕዝብ አፍ «የግራኝ ድንጋይ» ነበር፤ መካነ መቃብር መሆኑ የታወቀው ከተቆፈረ በኋላ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ስለዚህ ጥበቃ በአጥርና በዘበኛ አይጀመርም። በየዓመቱ የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ሲወጣ የግብርና ባለሙያው እርከኑ የሚያልፍበትን መስመር ቀድሞ ይለካል። በዚያው ቀን የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ አብሮት ቢወጣ፣ ሽማግሌዎችን ቢጠይቅ፣ አጠራጣሪውን ክምር ፎቶ አንስቶ ቢመዘግብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ክምሩ ተራ ድንጋይ ሆኖ ቢገኝ የጠፋው ግማሽ ቀን ነው። መቃብር ሆኖ ሳለ ከፈረሰ ግን የሚመልሰው የለም።