ከኢየሩሳሌም የመጣ ዜማና የደብረ ኤልያስ ግጥም

በቋንቋ የማይግባቡ ሕዝቦች በዜማ ሊግባቡ እንደሚችሉ ለማስረዳት ሩቅ አገር መኼድ አያሻም። በጥርባና በእንጅባራ ዙሪያ ያለ የአዊ ልጅ በእናቱ ቤት በአውኚ አፉን ይፈታል፤ ከመሪጌታው ፊት ሲቀርብ ግን የቅዱስ ያሬድን ዜማ በግዕዝ ቃል ያዜማል። አስቀድሞ ዜማው ይገባዋል፤ ትርጓሜው ኋላ ይደርስበታል። ይህ በቤተ ክርስቲያን የቆየ ነገር ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ የነሐስ ድምፅ ከአማርኛ ግጥም ጋራ የተጋባበት ታሪክ ግን ከዚህ ልዩ ነውና ሊነገር ይገባዋል።

የነሐስ መለከት ወደ አገራችን የገባው ከዐድዋ ድል በኋላ የሩስያው ንጉሠ ነገሥት ኒቆላዎስ 2ኛ ለዐፄ ምኒልክ በላኩት ስጦታ ነው። ይህ መነሻው ነው፤ ዋናው ነገር የተፈጸመው ከዐድዋ 28 ዓመት በኋላ ነው።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ ኤውሮጳ ሲጓዙ፥ ከተከተሏቸው መኳንንት አንዱ የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በመንገዳቸውም ኢየሩሳሌምን ሲሳለሙ፥ በአርመኖች ገዳም በቅዱስ ያዕቆብ የሚያድጉ ልጆች በነሐስ መሣሪያ ሙዚቃ ሲያሰሙ ሰሙ። ልጆቹ በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን መንግሥት በአርመን ሕዝብ ላይ ከወረደው እልቂት የተረፉ፥ አባትና እናት፥ አገርም የሌላቸው ነበሩ። አልጋ ወራሽ ከአርመኖቹ ፓትርያርክ ጋራ ተነጋግረው 40ውን ልጆች ወደ አዲስ አበባ ለማስመጣት ተስማሙ፤ ልጆቹም ያው ዓመት ሳይፈጸም ገቡ። «አርባ ልጆች» የሚለው ስም እስከ ዛሬ የሚታወቀው ከዚህ የተነሣ ነው።

አርመኖች የኬልቄዶንን ጉባኤ ባለመቀበል ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋራ አንድ ናቸው። በኢየሩሳሌም ያለው ጉርብትና ግን በይዞታ ነገር ብዙ ክርክር አይቷል፤ እውነቱ መሸፈን የለበትም። ኾኖም የዜማቸው ነገር ለኛ ሊቃውንት ባዕድ አይደለም። እነርሱም እንደኛ በፊደሉ ላይ የዜማ ምልክት የሚያኖሩ የጥንት መጻሕፍት አሏቸው፤ ምልክቱንም ኻዝ ይሉታል።

የልጆቹ አስተማሪና መሪ ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ የተወለዱት በዐይንታብ ነው። ለኢትዮጵያ መንግሥት የሰላምታ መዝሙር ዜማውን የደረሱ እኒህ ናቸው፤ ግጥሙ ደግሞ የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ እንደ ኾነ ይነገራል። ዮፍታሔ በጎጃም በደብረ ኤልያስ የተወለዱ፥ ከቅኔ ቤት የወጡ ሰው ናቸው። በአዲስ አበባም ብዙ መዝሙርና ቴአትር ደርሰዋል። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተሰማ፤ እስከ ዘውዱ መንግሥት ፍጻሜም ከ40 ዓመት በላይ የአገር መዝሙር ኾኖ ቆየ።

የአማርኛን ቃል በባሕር ማዶ ምት መስፈር ቀላል ሥራ አይደለም። በአማርኛ መጥበቅና መላላት ምስጢር ይለውጣል፤ «አለ» ሲላላ የተናገረ ነው፥ ሲጠብቅ ያለና የኖረ ነው። ዜማ ደራሲው ይህን ካልለየ ዘማሪው አንዱን ቃል ብሎ ሰሚው ሌላውን ይሰማል። ቃሉን በጆሮው መዝኖ የሚያውቅ ደግሞ የቅኔ ተማሪ ነው፤ ቤት ሲመታ ሌሊቱን የሚያድረው በዚህ ነውና። ስለዚህ መዝሙሩን «የፈረንጅ ዜማ ነው» ብሎ የሚያቃልል ሰው ግማሹን ብቻ ያያል። ሌላው ግማሽ የቅኔ ቤት ነው።

በዚያው ዘመን የዩክሬን ሪፑብሊክ ደግሞ በ1911 ዓ.ም. ስለ ነጻነቷ ለዓለም የሚናገር የመዘምራን ጉባኤ ላከች። መሪው አሌክሳንድር ኮሺጽ በኪየቭ መንፈሳዊ አካዳሚ የተማረ ነበረ። ካዜሟቸውም መካከል «ሽችድሪክ» የሚባለው የሌዎንቶቪች ድርሰት በ1915 ዓ.ም. መስከረም በኒውዮርክ ተሰምቶ፥ ኋላ በእንግሊዝኛ ቃል የልደት በዓል ዜማ ኾነ። ሌዎንቶቪች የካህን ልጅ ነበረ፤ እርሱ ግን ይህን አላየም፥ በ1913 ዓ.ም. ጥር ተገድሎ ነበረና። ሪፑብሊኩም ወደቀ፤ ኮሺጽ በካናዳ በስደት ሞተ። የነዚያ ዜማ ከአገሩ ወጥቶ ባዕድ ቃል ለበሰ፤ የአርመኖቹ ዜማ ግን በእንግድነት በገባበት አገር አማርኛ ለብሶ የባለቤቱ መጠሪያ ኾነ።

ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ስደተኛው የደረሰውን ዜማ በቃል ያከበሩት እርሳቸው በተራቸው ስደተኛ ኾኑ። ከነጻነት በኋላ ተመልሰው በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሰስ ናልባንዲያን ደግሞ በአዲስ አበባ ቀርተው፥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የኢትዮጵያን ልጆች ሙዚቃ ሲያስተምሩ ብዙ ዘመን ኖሩ።