የአዳሪ ተማሪ ስንቅ ከማን ነበር?



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ስለ ድንኳንና ስለ ወርኃዊ መዋጮ፣ ስለ ሒሳብ ምርመራና ስለ ጎደሉ ሰሀኖች ነው። ዘንድሮ ስለ አዳሪ ትምህርት ቤት ታሪክ ለመጻፍ የተነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት በመካከላችን የደረሰ አንድ ነገር እኛን የኮሚቴ አባላቱን ስላሳፈረን ነው። እሱን ከመናገራችን በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ ከቤቱ ርቆ የሚማረውን ልጅ፣ አባቱ ባይችል፣ ማን ያበላዋል?

በሀገራችን አዳሪ ተማሪ የታየው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ከመቶ ዓመታት በፊት ነው። የቆሎ ተማሪውን ማለታችን ነው። ቅኔ የፈለገ ጎጃም ዋሸራ ይወርዳል፤ ድጓ የፈለገ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ደግሞ ዙር አባ ይሄዳል። ብዙውም ወላጆቹን ተሰናብቶ ሳይሆን ጠፍቶ ነው የሚወጣው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ይደርሳል። ጎጆውን ራሱ ይሠራል። እንጀራው ግን ከአገሬው ነው። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ባላገሩ እሱም የሌለው ሆኖ ሳለ ከሞሰቡ ቆርሶ ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ያ ልጅ ሲለምን አያፍርም ነበር። ያለው ሰው ልጅ እንኳ ቢሆን መለመኑ የትምህርቱ አንድ ክፍል ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ሰጪውም «ደሃ መሆንህን በምን አውቃለሁ?» ብሎ ማስረጃ አይጠይቅም። እርግጥ ነው፣ ኑሮው የከፋ ነበር። ረኀቡና ተስቦው ብዙውን ልጅ ከመንገድ አስቀርቶታል፤ ለሴት ልጅም ይህ በር ክፍት አልነበረም ማለት ይቻላል። ቢሆንም የተማሪ ስንቅ የአገሬው ሁሉ ዕዳ ነው የሚለው ሐሳብ ከዚያ የወረስነው ነው።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ስንመጣ፣ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈተ። የሴቶቹ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ደግሞ በ1931 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ፣ ከቤቷ ርቃ አድራ የምትማር ሴት ልጅ በከተማችን መታየት ጀመረች። ብዙም ሳይቆይ ጠላት ገባ፤ ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ። በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማረው ወጣት ተለቅሞ ተገደለ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ አገሪቱ ጸሐፊም፣ መምህርም፣ ሐኪምም አልነበራትም ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ታዲያ በዚያ ችግር መካከል በ1943 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የት? እዚሁ ጎረቤታችን ኮተቤ! ዛሬ እኛ ሲኤምሲ የምንለው ሰፈር፣ ስሙን ከጣሊያኑ የሥራ ተቋራጭ ኩባንያ ከመውሰዱ በፊት መሆኑ ነው። ኮተቤም ያን ጊዜ ከከተማ ውጭ ነበረች። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1946 እ.ኤ.አ.፣ በብሪቲሽ ካውንስል ረዳትነት ጄኔራል ዊንጌት ተከፈተ። ከየጠቅላይ ግዛቱ በትምህርታቸው የላቁ ልጆች እየተመረጡ ይመጡ ነበር። አልጋው፣ ምግቡ፣ ልብሱ፣ ደብተሩ ከመንግሥት ነበር። ወላጅ የሚጠየቀው ልጁን እንዲለቅ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እሱም ቀላል ነገር አልነበረም።

ለምሳሌ ያህል ደራሲው በዓሉ ግርማ ከኢሉባቦር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በልዕልት ዘነበ ወርቅ፣ ቀጥሎም በጄኔራል ዊንጌት ተምሯል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ በስድስት ኪሎ የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየክፍለ ሀገሩ የተመረጡ ልጆችን ሰብስቦ 12ኛ ክፍልን ያስተምር ነበር። የእረኛና የገበሬ ልጅ ከሹም ልጅ ጎን ተቀምጦ ከአንድ ሰሀን የበላው በእነዚህ ቤቶች ነው።

ሆኖም እውነቱን ሁሉ እንናገር ከተባለ፣ የቦታው ቁጥር ጥቂት ነበር። ትምህርት ቤት በሌለበት ወረዳ የተወለደ ልጅ ለፈተናውም አልደረሰም። በሌላ አነጋገር፣ በሩ ላይ ለደረሰ ሁሉም ነገር ነጻ ነበር፤ ችግሩ በሩ ላይ መድረሱ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የአዳሪ ትምህርት ቤት መልክ ተለወጠ። በጦርነቱ አባቶቻቸውን ላጡ ልጆች አላጌ ላይ የሕፃናት አምባ ተቋቋመ። ሌሎች በርካታ ልጆችም ወደ ኩባ፣ ወደ ወጣቶች ደሴት ተልከው እዚያው እያደሩ ተማሩ። እዚህ ላይ ልጁን ከበሩ ያደረሰው የፈተና ውጤት ሳይሆን የአባቱ ሞት ነው። እኛ የእድር ሰዎች ደግሞ ይህ ነገር ይገባናል።

ወደ ዛሬው እንምጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015ም ከዚህ አልተሻለም፤ 3.2 ከመቶ ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ጥሩ ውጤት ያመጡት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ስማቸው ስለተነሳ የወላጅ ሁሉ ዓይን ወደ እነሱ ዞረ። ክልሎች የከፈቷቸው ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ እንደ ደብረ ብርሃኑ ኃይሌ ማናስ አካዳሚ ያሉ የግል ተቋሞችም አሉ። ወደ ውጭ የሚያመለክትም አለ። በ1962 እ.ኤ.አ. በዌልስ የተጀመሩት የተባበሩት ዓለም ኮሌጆች በየአገሩ ባሉ ኮሚቴዎች ልጆችን ይመርጣሉ፤ እርዳታውንም እንደ ችግሩ መጠን ይሰጣሉ። በአሜሪካ የታወቀው የፊሊፕስ ኤክሰተር ትምህርት ቤት በ2007 እ.ኤ.አ. የዓመት ገቢያቸው ከ75 ሺህ ዶላር ለማይበልጥ ቤተሰቦች ትምህርቱን በነጻ እንደሚሰጥ አስታውቆ ነበር።

እንግዲህ ልዩነቱን ተመልከቱ። የኮተቤው ልጅ ጎበዝ መሆኑን ብቻ ነበር የሚያስመሰክር። የዛሬው ልጅ ሁለት ነገር ማስመስከር አለበት፤ ጎበዝ መሆኑንና የሌለው መሆኑን። ፈተና አለ፣ ቃለ መጠይቅ አለ፣ የመምህር ምስክርነት አለ። በዚያ ላይ የገቢ ማስረጃ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የቤተሰብ ብዛት ይጠየቃል። ደመወዝተኛው ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያጽፋል። የቀን ሠራተኛው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ የሰው መኪና የሚነዳው ከማን ያጽፍ?

አሁን ወደ ጉዳያችን ደረስን። ባለፈው ዓመት የአንድ አባላችን ልጅ፣ ስሙን የማንጠቅሰው አዳሪ ትምህርት ቤት ያወጣውን ፈተና አለፈች። አባቷ የሰው ሚኒባስ ነው የሚነዱት። ለእርዳታው ማመልከቻ ኑሯቸውን የሚያውቅ አካል የሚሰጠው የምስክር ደብዳቤ አስፈለገ። ወደ እኛ መጡ። ለምን እንደፈለጉት ስንጠይቃቸው «ለአንድ ጉዳይ ነው» አሉን፤ ደህና ገቢ ያላቸው ጎረቤቶች በተቀመጡበት «ልጄን ማስተማር አቃተኝ» ማለት ከብዷቸው ነው። እኛም ደግመን አልጠየቅናቸውም። «የእድሩ ማኅተም ለቀብር ጉዳይ ነው፤ ለወር ስብሰባ እናቅርበው» ብለን ሸኘናቸው። ወሩ እስኪደርስ ቀኑ አለፈ። ልጅቷ ተቀብለናል ተባለች፤ ክፍያው ግን ሙሉውን ሆነ። ኋላ እርዳታ ቢጠይቁ ገንዘቡ ተደልድሎ አልቋል ተባሉ። እኛ ይህን የሰማነው ከወራት በኋላ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ከሌላ ሰው አፍ ነው።

ልጅቷ በአካባቢያችን 9ኛ ክፍል ትማራለች፤ ዘንድሮም ለሌላ ትምህርት ቤት ለማመልከት አስባለች። ይሁን እንጂ ያለፈው ዓመት ቦታ የጠፋው በፈተና ሳይሆን በይሉኝታና በአንድ ማኅተም ነው። ይሉኝታው የእሳቸው፣ ማኅተሙ የእኛ። ባላገሩ ለማያውቀው የቆሎ ተማሪ ማስረጃ ሳይጠይቅ ከሞሰቡ ይቆርስ ነበር፤ እኛ ለምናውቃት ልጅ አንድ ወረቀት አዘገየን። አባቷን በዚህ መጽሔት ይቅርታ እንጠይቃለን።

ለወደፊቱ ግን ይቅርታ ብቻ አይበቃም። ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለትምህርት የሚፈለግ የምስክር ደብዳቤ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲሰጥ፣ ጉዳዩም ከሊቀ መንበሩና ከጸሐፊው እንዳያልፍ። ሁለተኛ፣ በመካከላችን ያሉ ጡረተኛ መምህራን ቅጽ በማንበብና በመሙላት እንዲረዱ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ወላጅ ይህን እንዲያውቅ፤ እርዳታ የሚጠየቀው ከማመልከቻው ጋራ ነው፣ ልጁ ካለፈ በኋላ አይደለም። እርዳታ መጠየቅ የልጁን ዕድል ይጎዳ እንደሆነም ትምህርት ቤቱን አስቀድሞ በግልጽ መጠየቅ ነውር የለውም። አንዳንዱ የተማሪውን አቅም ሳያይ ይመርጣል፤ አንዳንዱ ግን ያያል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ቀብሩን ተካፍለን ስንሸከም አንዳችንም አፍረን አናውቅም። የልጆቻችንንም ስንቅ እንዲሁ እንድንሸከም፣ ያጣ አባል ሲመጣም «ለምን ጉዳይ ነው?» ብለን በደግ ፊት፣ ለብቻው ወሰድ አድርገን እንድንጠይቅ አደራ እንላለን።

የእድሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ